በወረቀት የታጠፈ በሽታ፦ ዛፍ የሚያጠቁ ፈንገሶች ደረቅ ናሙናዎችና መዝገቦቻቸው

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የዛሬው ንግግሬ በዛፍ ላይ በሽታ ያመጡ ፈንገሶች ከነቅጠሉ፣ ከነቅርፊቱ፣ አንዳንዴም ከነሥሩ ደርቀው፣ በወረቀት ታጥፈው በሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች በሚጠበቁበት ቤት፣ ስለሚቀመጡበት ሥርዓትና ከእያንዳንዳቸው ጋር አብሮ ስለሚቀመጠው አጭር ጽሑፍ ነው። ሄርባሪየም ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው በሰፊ ወረቀት ላይ የተለጠፈ አበባና ቅጠል ነው፤ ፈንገሶች በዚያው ቤት ውስጥ የራሳቸው ክፍል እንዳላቸው የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔ ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ስለ ዛፍ በሽታ ከተጻፈው ሁሉ ተመልሶ ሊመረመር የሚችለው ናሙናው የተቀመጠለት ብቻ ነው። ስሙ ተሳስቶ የተቀመጠ ናሙና ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ይታረማል፤ ናሙና ያልተቀመጠለት ዘገባ ግን ትክክል ይሁን ስህተት የሚለይበት መንገድ የለውም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የፈንገስ ናሙና እሽግ ለዓይን ተራ ነገር ነው። አሲድ ከሌለው ወረቀት የታጠፈ፣ መዳፍ የሚያህል ፖስታ ሲሆን በክዳኑ ላይ የመግለጫ ወረቀት ተለጥፎበታል። ሲከፈት ሁለት ወይም ሦስት የቡና ቅጠል ይገኛል፤ በሕይወት ሳለ በጀርባው ብርቱካናማ የነበረው የዋግ ዱቄት ከጊዜ ብዛት ገርጥቶ አፈር መስሏል። በሌላው እሽግ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል ቅርፊት አለ፤ በላዩ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጥቁር ነጥቦች ተበታትነዋል፤ ሙሉው በሽታ እነሱ ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ናሙና ዋጋ የሚሰጠው ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው፤ የተጠቃው ዛፍ ማንነት፣ ፈንገሱ ከየትኛው የዛፉ ክፍል እንደተወሰደ፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና የራሱ ተራ ቁጥር፣ ከዚያም ፈንገሱን የለየው ባለሙያ ስም። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ናሙናው ከነጭራሹ አይጣልም፤ ሊመልስ የሚችለው የጥያቄ ዓይነት ግን ያንሳል። ዛፉ ያልተጠቀሰበት የቅርፊት ቁራጭ ለስም ጥናት ይረዳ ይሆናል፤ ለበሽታ ታሪክ ግን ብዙም አይጠቅምም።

በዚህ ቤት አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፤ የቀድሞ ስም አይፋቅም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የመጣ መርማሪ የመጀመሪያው ሰው ተሳስቷል ብሎ ቢያምን፣ አዲሱን ስም፣ የራሱን ስምና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከቀድሞው አጠገብ ይለጥፋል። ሌላው ደግሞ እሱን ካልተቀበለ ሦስተኛ ወረቀት ይጨምራል። አራትና አምስት ወረቀት የተለጠፈበት እሽግ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው ተከራክሮበታል ማለት ነው፤ የተከራከሩበትም ነገር እዚያው በእጅ አለ። በነገራችን ላይ በቀደመው ዘመን ነፍሳት ናሙናውን እንዳይበሉት የሜርኩሪ መርዝ ይቀቡ ስለነበር አሮጌ እሽግ በባዶ እጅ አይነካም።

ከናሙናዎች ሁሉ ልዩ ክብር የሚሰጠው ስም ተሸካሚው ነው። አንድ አዲስ የፈንገስ ዝርያ ስም ሲሰጠው ስሙ የሚታሰረው በአንድ በተወሰነና በታወቀ ቦታ በተቀመጠ ናሙና ነው። የጽሑፍ መግለጫ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ በሁለት ባለሙያዎች መካከል ክርክር ሲነሳ ዳኛው ያ ናሙና ነው። እንዲህ ያሉ ናሙናዎች በብዛት ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ በለንደን የሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ሲሆን በፈንገስ ክፍሉ 1.25 ሚሊዮን ያህል ናሙና አለው። ቀድሞ በብሪታንያ የፈንገስ ጥናት ተቋም እጅ የነበረው፣ ከአፍሪካና ከእስያ የእርሻና የደን በሽታዎች የተሰበሰበው ግዙፍ ክምችትም በ2009 ወደዚሁ ተዛውሯል። በአሜሪካ ደግሞ በሜሪላንድ፣ ቤልትስቪል ያለው ብሔራዊ የፈንገስ ክምችት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናሙና ይዟል።

ይህ ሁሉ ምን እንደሚሠራ በምሳሌ ላሳይ። በ1904 በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ በሚገኘው የእንስሳት ማቆያ ግቢ ውስጥ ቼስትነት የተባሉ የደን ዛፎች ቅርፊታቸው እየተሰነጠቀ መድረቅ ጀመሩ። በኒው ዮርክ የዕፅዋት ማዕከል ይሠራ የነበረው ዊልያም መሪል ፈንገሱን አጥንቶ በ1906 ስም ሰጠው። ከዚያ በኋላ ባሉ አርባ ገደማ ዓመታት ውስጥ በምሥራቅ አሜሪካ ደኖች የነበረው የቼስትነት ዛፍ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደመ፤ ቁጥሩ ከሦስት እስከ አራት ቢሊዮን ዛፍ ይገመታል። በጊዜው ታላቁ ክርክር ፈንገሱ ከየት መጣ የሚለው ነበር። ከታወቁት የዛፍ በሽታ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ፈንገሱ የአገር ውስጥ ነው፣ ዛፎቹ በድርቅና በብርድ ስለተዳከሙ ነው የበረታባቸው ይሉ ነበር። ክርክሩን የዘጋው ደብዳቤ ነው። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ለተክል ፍለጋ ወደ ቻይና የላከው ፍራንክ ሜየር በ1913 ከቤጂንግ ሰሜን ምሥራቅ ባሉ ተራሮች በቼስትነት ዛፎች ላይ ቁስል አይቶ ትንሽ የቅርፊት ቁራጭ ከደብዳቤው ጋር ላከ። ዋሽንግተን ያሉት ባለሙያዎች ከቁራጩ ፈንገሱን አሳድገው ከአሜሪካው ጋር አስተያዩት፤ ያው ሆኖ ተገኘ። የቻይናዎቹ ዛፎች ቆስለው ቆመዋል እንጂ አልሞቱም ነበር፤ ይህም ፈንገሱና ዛፉ ለረጅም ዘመን አብረው እንደኖሩ ያመለክታል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሜየር በጃፓንም አገኘው። ሜየር የቅርፊቱን ቁራጭ ሳይልክ ያየውን ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የአሽ ዛፍ ታሪክ ነው። አሽ በመካከለኛውና በሰሜን አውሮፓ እጅግ የተለመደ ዛፍ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በፖላንድ የአሽ ዛፎች ከጫፋቸው ወደ ታች እየደረቁ መሞት ጀመሩ፤ በሽታው ከአገር ወደ አገር ተሻግሮ በ2012 በብሪታንያ መኖሩ ተረጋገጠ። ፖላንዳዊው ታዴውሽ ኮቫልስኪ በ2006 በሽታ አምጪውን ፈንገስ ለይቶ ስም ሰጠው፤ የሰጠው ስም ግን ፈንገሱ ያለ ጾታ የሚራባበትን መልክ ብቻ የሚመለከት ነበር። በ2009 የጾታዊ መልኩ ሲታወቅ ባለሙያዎች ግራ ተጋቡ። ፈንገሱ ሂሜኖሲፈስ አልቢደስ የተባለውን፣ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በአውሮፓ የሚታወቀውን፣ በወደቀ የአሽ ቅጠል ዘንግ ላይ የሚበቅል ምንም ጉዳት የማያደርስ ነጭ እንጉዳይ መሰለ። መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የወደቀ ቅጠል ሲያበሰብስ የኖረ ፈንገስ በድንገት ዛፍ ገዳይ የሆነው እንዴት ነው?

በ2011 በስዊዘርላንድ የተደረገ የዲኤንኤ ጥናት ነገሩን ፈታው፤ አንድ የመሰሉት ሁለት ዝርያዎች ነበሩ። አንዱ ነባሩ፣ ሌላው ገዳዩ። ገዳዩ ከየት እንደመጣ ግን ገና አልታወቀም ነበር። መልሱ የተገኘው በጃፓን ነው። የጃፓን ባለሙያዎች በ1993 ባወጡት ዘገባ በማንቹሪያ አሽ የቅጠል ዘንግ ላይ የሚበቅል ትንሽ ነጭ ፈንገስ ገልጸው ላምበርቴላ አልቢዳ በሚል ስም መዝግበውት ነበር። ናሙናዎቹ በጃፓን ብሔራዊ የተፈጥሮና የሳይንስ ሙዚየም ተቀምጠዋል። በ2012 የዚህ የጃፓኑ ፈንገስ ዲኤንኤ ሲመረመር ከአውሮፓው ገዳይ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ፈንገሱ በምሥራቅ እስያ በአገሬው አሽ ላይ ከባድ ጉዳት ሳያደርስ የሚኖር ነባር ነበር። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ዛፍ የሚገድለው ፈንገስ የዓለም ባለሙያዎች ከየት መጣ እያሉ በሚጠይቁበት ዘመን ሁሉ በሌላ ስም፣ ከነቦታውና ከነቀኑ ተመዝግቦ በመሳቢያ ውስጥ ነበር። ስሙ ስህተት ነበር፤ የተጠቃው ዛፍ፣ ቦታውና ቀኑ ግን ትክክል ነበሩ፤ ስህተቱን ለማረም የበቃውም ይኸው ነው። ዛሬ የፈንገሱ ትክክለኛ ስም ሂሜኖሲፈስ ፍራክሲኔየስ ነው፤ ይህም ስም በ2014 የጸና ነው።

ሁለቱን ዝርያዎች ያለ ዲኤንኤም በማይክሮስኮፕ መለየት መቻሉ ለሄርባሪየም ትልቅ ዕድል ሆኗል። የደረቀው ነጭ ፈንገስ በጥቂት የፖታሽ ውሃ ሲርስ ያብጣል፤ ከእሱ በስለት ተቆርጦ ሲታይ ስፖሮቹን፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባባቸውን ደቂቅ ዘሮች፣ ያዘሉት ረዣዥም ከረጢቶች ይወጣሉ። በገዳዩ ዝርያ የከረጢቱ ሥር ላይ ትንሽ መንጠቆ መሰል እጥፋት አለ፤ በነባሩ የለም። በከረጢት ሥር ያለች አንዲት እጥፋት ናት ለመቶ ዓመት ናሙና ዝርያውን የምትወስነው። በ1900 ገደማ የተሰበሰበውን እሽግ ዛሬ ከፍቶ እንዲህ መርምሮ ነባሩ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መመለስ ይቻላል፤ ሰብሳቢው ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደሚነሳ ሊገምት የሚችልበት ምክንያት አልነበረውም።

አሁን ወደ ራሳችን ዛፍ፣ ወደ ቡና እመጣለሁ።

የቡና ቅጠል ዋግ ስሙን ያገኘው በ1869 ነው። በሲሎን፣ ማለትም በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ የፔራዴኒያ የዕፅዋት ማዕከል ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ትዌይትስ የታመሙ የቡና ቅጠሎችን ወደ እንግሊዝ ላከ። ናሙናው የደረሰው በገጠር ቤተ ክርስቲያን ያገለግል የነበረው የፈንገስ ተመራማሪ ቄስ ማይልስ በርክሌይ ዘንድ ነው። ቄሱ ሲሎንን ረግጦ አያውቅም፤ ሆኖም አንድ ወገኑ ለስላሳ፣ ሌላው ወገኑ እሾሃማ የሆነውን ስፖር ሲያይ ከታወቁት ወገኖች በአንዱም እንደማይመደብ ተረድቶ፣ ከባልደረባው ከብሩም ጋር ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ የሚል አዲስ ስም አወጣለት። በሃያ ዓመት ውስጥ የሲሎን ቡና አልቆ ቦታውን ሻይ ያዘው። በርክሌይ ክምችቱን በ1879 ለኪው አስረከበ። በኢትዮጵያ ይህ ዋግ መኖሩ በጽሑፍ የተመዘገበው በ1934 ነው ተብሎ በብዙ ጥናቶች ይጠቀሳል፤ ያ ዓመት ግን የመጀመሪያው ዘገባ ዓመት እንጂ በሽታው የገባበት ዓመት አይደለም። ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ የሚጽፉ ብዙ ናቸው።

የቡና ፍሬ በሽታ፣ ገበሬውም ባለሙያውም ሲቢዲ የሚለው፣ ስለ ስም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ1922 በኬንያ ታወቀ፤ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ታይቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የደቡብ ምዕራቡን ቡና አዳረሰ። ይህን ሁሉ ዘመን በሽታ አምጪው ኮለቶትሪከም ኮፊየነም እየተባለ ይጠራ ነበር። ያ ስም ግን የተሰጠው በ1901 ከብራዚል ለተገኘ ፈንገስ ነው፤ በብራዚል ደግሞ የቡና ፍሬ በሽታ የለም። በሽታው በሌለበት አገር ናሙና ላይ የታሰረ ስም የአፍሪካውን ገዳይ ሊሸከም አይችልም። ለአፍሪካው ፈንገስ የራሱ ስም፣ ኮለቶትሪከም ካሃዌ፣ የተሰጠው በ1993 ነው። ስለዚህ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተጻፉ መዝገቦችን የሚያነብ ሰው ስሙን ብቻ አይቶ ቢሄድ ምንም ጉዳት የማያደርሰውንና ገዳዩን ያደባልቃል። እሽጉን ከፍቶ ናሙናው ከአረንጓዴ ፍሬ ላይ ነው ወይስ ከደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ከየትኛው የዛፍ ክፍል የሚለው መስመር ከስሙ በላይ የሚናገርበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው የቡና አድርቅ በሽታ ነው። ፈንገሱ ፉዛሪየም ዛይላሪዮይደስ ይባላል፤ በግንዱ ውስጥ ውሃ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች ይዘጋና ዛፉን ቆሞ ያደርቀዋል፤ ቅርፊቱ ሲፋቅ ሰማያዊ የቀላቀለ ጥቁር መስመር ይታያል። መጀመሪያ የታወቀው በ1927 በዛሬዋ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ነው። ስቴያርት በ1948 ስም ሰጠው። በኢትዮጵያ ስቲዋርት የተባለ የተክል በሽታ ባለሙያ በ1957 ከካፋ የአረቢካ ቡና ላይ ዘግቦ ፈንገሱን ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ነው አለ። ክራንዝና ሞግክ በ1973 ዛይላሪዮይደስ መሆኑን እስኪያረጋግጡ ድረስ አሥራ ስድስት ዓመት አለፈ። በ1990ዎቹ ደግሞ በሽታው በኡጋንዳ በሮቡስታ ቡና ላይ ተነስቶ ከአገሪቱ የሮቡስታ ዛፎች ግማሽ ገደማውን ፈጀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከደረቁ ናሙናዎች ጎን ለጎን ሌላ ዓይነት ክምችት ይገባል፤ ሕያው ክምችት። በእንግሊዝ፣ ኤገም ከተማ ባለው ተቋም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከአፍሪካ የታመሙ ቡናዎች የተለዩ ፈንገሶች ደርቀው ወይም በእጅግ ዝቅተኛ ቅዝቃዜ ውስጥ ታሽገው ቆይተዋል። የዛሬ ተመራማሪዎች እነዚህን ከእንቅልፍ አስነስተው በአዲስ ምግብ ላይ አሳድገዋቸዋል። በ2024 መጨረሻ በወጣ ጥናት ስድስት አሥርት ዓመታትን የሚሸፍኑ 13 የዚህ ፈንገስ ዘሮች ሙሉ የዘር መረጃ ተነብቦ ከሌሎች የፉዛሪየም ዝርያዎች ጋር ተነጻጸረ። ውጤቱ አረቢካን የሚያጠቃውና ሮቡስታን የሚያጠቃው እንደሚለያዩ፣ ከዚህም በላይ ፈንገሱ ከፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ትላልቅ የዘር ክፍሎችን እንደወሰደ፣ አንዳንዶቹም በሳይንሱ ስታርሺፕ በሚባሉ፣ ከዘር ወደ ዘር በሚዘሉ ግዙፍ ክፍሎች ተጭነው እንደመጡ አሳየ። ስቲዋርት በ1957 ኦክሲስፖረም ነው ሲል ይህን አይቶ ነበር ብሎ ማጋነን አይገባም፤ እሱ ያየው ቅርጽ እንጂ ዘር አይደለም። የሚያስደስተው ግን የ1950ዎቹን ፈንገስ ዛሬ ማንበብ መቻሉ ነው። የደረቀው ናሙናም ዲኤንኤ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከጊዜ ብዛት የተቆራረጠ ስለሚሆን ረጅሙን ቅደም ተከተል መልሶ መገጣጠም አስቸጋሪ ነው፤ ዳግመኛ በቡና ችግኝ ላይ ሞክሮ በሽታ ያመጣል ወይስ አያመጣም ማለትም አይቻልም። በአንጻሩ ሕያው ክምችት መብራትና ፈሳሽ ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ የታጠፈው ወረቀት የሚፈልገው ደረቅ ክፍልና ጠባቂ ብቻ ነው። ድሃ አገር በመጀመሪያ የትኛውን መያዝ እንዳለበት መልሱ ግልጽ ይመስለኛል።

እስካሁን መዝገብን አመሰገንሁ፤ አሁን እንዴት እንደሚያሳስት ልናገር።

ከሁሉ በፊት ቀን ነው። በአንድ አሮጌ የአገር ውስጥ ናሙና ላይ 12/3/62 ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ ስንት ትርጉም አለው? ጸሐፊው በእኛ አቆጣጠር ከጻፈው ኅዳር 12 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 21 ቀን 1969 ይሆናል። በአውሮፓውያን ከጻፈው ማርች 12 ቀን 1962 ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በዓለማያና በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ከነበሩት የአሜሪካዋ ኦክላሆማ ሰዎች ልማዱን የወሰደ ከሆነ ደግሞ ወሩን አስቀድሞ ጽፎ ዲሴምበር 3 ቀን 1962 ማለቱ ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ሰባት ዓመት አለ። በሽታው ወደ አገር የገባው ከየትኛው የችግኝ ጭነት በኋላ ነው ለሚል ጥያቄ ሰባት ዓመት ሁሉን ይለውጣል። መረጃውን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሰው ብዙ ጊዜ ባሕር ማዶ ያለ፣ የእኛን አቆጣጠር የማያውቅ ነው፤ እሱ 1962 ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ላይ ያለ ጥርጣሬ ይቀመጣል። ከጥርጣሬ የሚያወጣው የሰብሳቢው ተራ ቁጥር ነው። ቁጥር 211 በግልጽ በታወቀ ቀን ከተሰበሰበና ቁጥር 213ም እንዲሁ ከሆነ፣ ቁጥር 212 በመካከል ነው። ለዚህ ነው የሰብሳቢውን ቁጥር መዝለል ትልቅ ጥፋት የሚሆነው።

ቀጥሎ ቦታ ነው። በ1950ዎቹ ካፋ ማለት ዋና ከተማው ጅማ የነበረው ጠቅላይ ግዛት ነው፤ ዛሬ ካፋ ሲባል ቦንጋና አካባቢው ነው። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ሆኗል፤ ናዝሬት አዳማ ሆኗል። የጣሊያን ሰዎች በራሳቸው ፊደል የጻፉትን የቦታ ስም ደግሞ ጮክ ብሎ ካላነበቡት ማወቅ ያስቸግራል። አቢሲኒያ ብቻ የሚል መግለጫ ያለው ናሙና ሲመዘገብ የካርታ ነጥቡ በአገሪቱ መሀል የሚወድቅበት ጊዜ አለ፤ ነጥቡን ያየ ሰው ፈንገሱ እዚያ ተገኘ ብሎ ያምናል። ከፍታ የተጻፈበት ናሙና ከዚህ ሁሉ ይሻላል፤ በአገራችን በአንድ ወረዳ ውስጥ አምስት መቶ ሜትር ሲወጡ ዛፉም በሽታውም ይለወጣልና።

ሦስተኛው ችግር ከሰው ጠባይ የመጣ ነው። የናሙና ብዛት የፈንገሱን ብዛት አይለካም፤ የሰብሳቢውን መንገድ ነው የሚለካው። ናሙናዎች በአውራ ጎዳና ዳርና በምርምር ጣቢያ አጥር ዙሪያ ይበዛሉ። ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ የሚወጡ ትላልቅ ፈንገሶች በብዛት ይሰበሰባሉ፤ ሥር የሚያበሰብሱት፣ ዛፉን ገድለው እስኪገለጡ የሚሰወሩት፣ ጥቂት ናቸው። በኢትዮጵያ ተክል ደኖች ውስጥ ሥር የሚያበሰብሰው አርሚላሪያ ፉሲፐስ መሆኑ በዲኤንኤ ተለይቶ የታተመው በ2004 ነው፤ ዝርያው ከሲሎን ከተገለጠ ወደ መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። የአበባና የዛፍ ሰብሳቢ የሆነው የዕፅዋት ባለሙያ ደግሞ በተፈጥሮው ንጹሑን ቅጠል ይመርጣል፤ የነጠበውን፣ የተበሳውን ይጥላል። ከ1830ዎቹ እስከ 1870ዎቹ ድረስ ከትግራይና ከሰሜን ተራሮች እጅግ ብዙ ዕፅዋት ወደ አውሮፓ የላከው ቪልሄልም ሺምፐር እንኳ ለተክል እንጂ ለበሽታ አልተሰማራም። ስለዚህ በአሮጌ የተክል ናሙና ላይ ፈንገስ ሲገኝ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ አለመገኘቱ ግን እምብዛም ማስረጃ አይደለም። ዘመናዊ ጽሑፎች ይህን የኋለኛውን አቃልለው ሲያልፉ አያለሁ፤ አልስማማበትም።

የመጨረሻው ጉዳይ የዛሬ ነው። በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማና በአካባቢው፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚለውን የአውስትራሊያ ግራር ተክሎ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ለከሰል ይቆርጠዋል፤ በእርሻውም ላይ ከጤፍና ከሌላው ሰብል ጋር ያፈራርቀዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህን ዛፍ ዩሮሚክላዲየም አካሲየ የተባለ ዋግ መታው። ቅጠሉና ለጋው ቀንበጥ በቡናማ ዱቄት ይሸፈናል፤ ከግንዱ ሙጫ ይፈስሳል፤ ችግኙ ይደርቃል። ይኸው ፈንገስ በ2013 በደቡብ አፍሪካ፣ በኳዙሉ-ናታል፣ በዘመድ ግራር ላይ ከባድ ወረርሽኝ አስነስቷል። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ዳንኤል ማክአልፓይን የዚህን ፈንገስ ወገን በ1905 ሲያቋቁም የመረመራቸውን የመሰሉ ናሙናዎች በቪክቶሪያ የተክል በሽታዎች ሄርባሪየም ይገኛሉ። የእኛን ከእነዚያ ጋር ለማነጻጸር የእኛ መኖር አለበት። በሽታው መጀመሪያ ከታየበት ቀበሌ፣ በመጀመሪያው ዓመት የተሰበሰበ ቅጠል ኋላ ሊተካ አይችልም፤ በአምስተኛው ዓመት የሚሰበሰበው ስለ አምስተኛው ዓመት ነው የሚናገረው።

አሰባሰቡ ቀላል ነው። የእርሻ ባለሙያም፣ መምህርም፣ ተማሪም ሊሠራው ይችላል። ቡናማ ዱቄት ያለበትንም ጠቆር ያለውንም ቅጠል ከቀንበጡ ጋር ቁረጡ፤ ሁለቱ መልኮች የተለያዩ ስፖሮች ስለሚይዙ አንዱ ብቻ አይበቃም። በላስቲክ ከረጢት አታሽጉት፤ ያልበዋል፣ ሌላ ሻጋታም ይወርሰዋል። በጋዜጣ መካከል አስተኝታችሁ ክብደት ጫኑበት፣ ጋዜጣውን እስኪደርቅ ድረስ በየቀኑ ቀይሩ። ከደረቀ በኋላ ለጥቂት ቀናት በማቀዝቀዣ የበረዶ ክፍል ማቆየት ነፍሳቱን ይገድላል። ቀኑን ስትጽፉ ወሩን በፊደል ጻፉ፤ ኅዳር ብላችሁ ከጻፋችሁ ማንም በሌላ አቆጣጠር አያነበውም። የቀበሌውን ስም፣ ከፍታውን፣ ከስልካችሁ ላይ የሚነበበውን የቦታ ነጥብ፣ የዛፉን ዕድሜ፣ ችግኙ ከየት እንደመጣ ጨምሩ። በአጠገቡ ያልታመመ ዛፍ ካለም ጻፉት፤ ይህን የሚጽፍ የለም ማለት ይቻላል። ናሙናውን ሁለት አድርጉት፤ አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይላክ፣ ሌላው በአቅራቢያችሁ ባለ የምርምር ማዕከል ይቀመጥ። ሦስተኛ ቅጂ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ወረቀትና ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ ዋጉም ፈቃዱን ስለማይጠብቅ፣ ማመልከቻው ቅጠሉ ከመቆረጡ በፊት ቢገባ ይሻላል።